«ሐኪሞቹስ ከእኛ በምን ይለያሉ?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ርዕሱ «ሐኪሞቹስ ከእኛ በምን ይለያሉ?» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ ደብረ ብርሃን የሚያስተምሩ መምህር እንደሆኑ ግን ነግረውናል። ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው። በኮቪድ ጊዜ የጤና ባለሙያው ከሹፌሩና ከነጋዴው የበለጠ አልተጋለጠም ይላሉ። ቢያዝም ከሌላው ሰው የበለጠ አልሞተም። የተያዘውም ለቅሶ ቤትና ማኅበር ላይ እንጂ ሥራ ቦታው ላይ አይደለም። ሰሜን ሸዋን ደግሞ ብርዱና ከፍታው ጠብቆታል። ስለዚህ ለማስክና ለጋዋን የወጣው ገንዘብ ባክኗል። መጨረሻ ላይም «ሙያውን ፈልገው ነው የገቡበት፣ አደጋውም አብሮ የመጣ ነው» ብለው ይዘጋሉ።

እኔ ነርስ ነኝ። በዚሁ ዞን ደጋውም ቆላውም ላይ ሠርቻለሁ። መምህር፣ ጽሑፍዎ ስድብ የለበትም፣ አክብረው ነው የጻፉት፤ እኔም አክብሬ እመልሳለሁ። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጽሑፉን ካጋሩት ሰዎች መሀል በጤና ጣቢያ በጀት ላይ የሚወስኑ አሉ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ «ያኔም እኮ ትርፍ ወጪ ነበር» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ስብሰባ ላይ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ጓንት የሚያልቅባት ደግሞ ስብሰባው ላይ ያልነበረችው የአዳር ተረኛ ናት።

እንደ ጽሑፍዎ ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ከሹፌሩና ከነጋዴው የበለጠ አልተጋለጡም»

ሹፌሩም ነጋዴውም ተጋልጠዋል። ይህን አልክድም። በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ የሚወርደው የደሴ መንገድ ላይ ቀን ከሌሊት የሚነዳ ሰው ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አይመርጥም። ግን «እኩል ነው» ለማለት መቁጠር ያስፈልጋል፣ የተቆጠረው ነገር ደግሞ እንደዚያ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በስልክ መተግበሪያ አማካይነት በእንግሊዝና በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችንና ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማንን በቅርብ የሚያዩ የጤና ሠራተኞችን ተከታትሏል። እንዲሁ ሲታይ፣ የጤና ሠራተኛው ተመርምሮ ቫይረሱ የሚገኝበት ዕድል ከሌላው ሰው ወደ 12 እጥፍ ይጠጋ ነበር። «የጤና ሠራተኛ እኮ ቶሎ ቶሎ ስለሚመረመር ነው» ማለት ይቻላል፣ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። አጥኚዎቹም ይህንኑ አስበውበታል። የምርመራውን ልዩነት አስተካክለው ሲያሰሉት ቁጥሩ 3.4 እጥፍ ሆነ። ከ12 ወደ 3.4 ወረደ፤ እኩል ግን አልሆነም።

«የፈረንጅ አገር ቁጥር ነው» እንዳይሉኝ የእኛኑ ልጥቀስ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና በጅማ ሕክምና ማዕከል የሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ደም ተወስዶ ቫይረሱ ይዟቸው ያውቅ እንደሆነ ታይቷል። አዲስ አበባ ላይ ነሐሴ 2012 ዓ.ም አካባቢ 10.9 በመቶ የነበረው በየካቲት 2013 53.7 በመቶ ደረሰ። ጅማ ላይ ኅዳር 2013 አካባቢ 30.8 በመቶ የነበረው በየካቲት 56.1 በመቶ ሆነ። በግማሽ ዓመት ውስጥ ከአሥር አንድ የነበረው ከሁለት አንድ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ጥናት በጅማ ዙሪያ ገጠር ነዋሪዎች ላይ የተገኘው ከዚህ ያነሰ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ክትባት አገራችን ከመግባቱ በፊት ነው። ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘበት በዓመቱ።

«ቢያዙም ከሌላው የበለጠ አልሞቱም»

እዚህ ላይ መምህር ባዶ እጃቸውን አልመጡም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 የእንግሊዝ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ጠቅሰዋል። ያ ሪፖርት እውነት ነው። የታክሲ ሹፌሮችና የጥበቃ ሠራተኞች ሞት ከፍተኛ ነው ብሎ፣ ሐኪሞችና ነርሶች ግን በዕድሜና በጾታ ከሚመጣጠናቸው ሰው የተለየ ሞት አልታየባቸውም ብሏል።

ችግሩ መምህር እዚያ ላይ ቆሙ። መሥሪያ ቤቱ ግን አልቆመም። በጥር 2021 የዓመቱን ቁጥር ይዞ ተመለሰ። ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ 2020 በነበረው ጊዜ ከ100 ሺህ ወንድ ነርሶች 79.1 ሞተዋል፤ በጠቅላላው በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች ላይ 31.4 ነበር። ሴት ነርሶች ላይ 24.5፣ በጠቅላላው ሴቶች ላይ 16.8። የመጀመሪያው ሪፖርት የወጣው ወረርሽኙ ገና ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ነው። ሞት ደግሞ ከመያዝ ሳምንታት ዘግይቶ ነው የሚቆጠረው። መምህር ለተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን መንፈቅ ፈተና ብቻ አይተው ዓመቱን አይዘጉትም መቼም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሥራ ላይ ያለ ነርስ ወይም ሐኪም በአብዛኛው ወጣት ነው። ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ ኩላሊቱ የጠናበት ሰው አዳር አይሠራም፤ ከሥራ ወጥቷል፣ ጡረታ ላይ ነው፣ ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ ሠራተኛውን ቤት ውስጥ ካሉ ሽማግሌዎችና ሕሙማን ጋር ደባልቀው ሲያወዳድሩት ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ንጽጽር የሚለካው ዕድሜን ነው። ሥራው አደገኛ መሆን አለመሆኑን አይነግርዎትም።

እስከ ግንቦት መጀመሪያ 2020 ድረስ ከመላው ዓለም የተሰበሰበ መረጃ ነበር። 152,888 የጤና ሠራተኞች ተይዘው 1,413 ሞተዋል ይላል። ከተያዙት ውስጥ 71.6 በመቶ ሴቶች ነበሩ፣ በብዛትም ነርሶች። ከሞቱት ውስጥ ግን 70.8 በመቶ ወንዶች፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ ሐኪሞች። ለምን? በየአገሩ ያሉት ሐኪሞች ዕድሜያቸው የገፋ ስለሚበዛ፣ ወንድ ደግሞ በዚህ በሽታ ይበልጥ ስለሚሞት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቁጥሩን ያመጣሁት ግን ለሌላ ነው። «የጤና ሠራተኛ» ብለው በአንድ ጅምላ ሲያወሩ ማን እንደሚታመምና ማን እንደሚሞት ይጠፋብዎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው አለመቆጠሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ባወጣው ግምት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሞተዋል፤ መካከለኛው ግምት 115,500 ነው። ለድርጅቱ በወጉ ሪፖርት የተደረገው ሞት ስንት ነበር መሰለዎት? 6,643። ይህን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩት። «የሞቱ ጤና ባለሙያዎች ዝርዝር አላየሁም» ብለው ጽፈዋል። አላዩም፣ ልክ ነዎት። ሞተው ሳለ ሙያቸውን ማንም አልጻፈውም።

«የተያዙት ለቅሶ ቤት ነው»

ለቅሶ ሄደን ተይዘን ይሆናል። ነርስም ጎረቤት አላት፣ እድር አላት፣ ዘመድ ይሞትባታል። በቂ መከላከያ ባለባቸው የውጭ አገር ሆስፒታሎችም ሠራተኛው ቤቱና ሰፈሩ ውስጥ የሚያዝበት አጋጣሚ ብዙ እንደሆነ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። እዚህ ድረስ እንስማማለን።

ግን ለቅሶው ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀላል ነገር መታየት ነበረበት። እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ሕሙማን ጋር የማይደርሱ ሠራተኞች፣ ለምሳሌ ሒሳብ ክፍልና ቢሮ ያሉት፣ ሕሙማን ከሚያዩት እኩል መታመም ነበረባቸው። ሁለቱም ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ገበያ ይወጣሉ፣ አንድ ታክሲ ይሳፈራሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ይህንን አይተውታል። 158,445 የጤና ሠራተኞችን መዝገብ ይዘው ከመጋቢት እስከ ሰኔ 2020 በኮቪድ ምክንያት ሆስፒታል የተኛውን ለዩ። ሕሙማን የሚያዩት፣ ከማያዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው 3.3 እጥፍ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ልዩነቱ ሥራው ነው።

አሁን ደግሞ የቤተሰቡን ይስሙ። ሕሙማን የሚያዩት ሠራተኞች ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችም ሕሙማን ከማያዩት ሠራተኞች ቤተሰብ ይልቅ 1.79 እጥፍ የመተኛት ዕድል ነበራቸው። በዚያ ወቅት ስኮትላንድ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ሆነው በኮቪድ ሆስፒታል ከተኙት ሰዎች 17.2 በመቶው የጤና ሠራተኞችና አብረዋቸው የሚኖሩ ነበሩ። በሽታው ከዋርድ፣ ማለትም ከሕሙማን መኝታ ክፍል፣ ወደ ቤት ነው የተጓዘው። መምህር አቅጣጫውን ገልብጠውታል።

እኛ ዘንድ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገንም። አከራዮች ነርስ መሆናችንን ሲሰሙ «ልጆች አሉኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ቤቱን ልቀቂ» ያሉበት ጊዜ ነበር። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ በሽታው ከሥራ ቦታችን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። አሁን ወረርሽኙ ሲያልፍ ከለቅሶ ቤት ነው የመጣው ማለት ተጀመረ። ይህ እኔን በግሌ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ብዙዎቻችን እኮ እናቶቻችንን ላለመንካት ብለን ለወራት ከሩቅ ሰላም ያልን ሰዎች ነን። በዓል ላይ ወደ መንዝና ወደ መርሐቤቴ ቤተሰብ ጥየቃ ሳይሄዱ የቀሩ ባልደረቦች አሉኝ።

«ብርዱና ከፍታው ጠብቆናል»

ይህኛው ነጥብ በጣም ተወዷል፣ ብዙ ሰው አጨብጭቦበታል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስበት።

መጀመሪያ ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ናት፣ ማለትም ከእኛው ጋር አንድ ነው። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ደግሞ ወደ 3,600 ሜትር ትጠጋለች፣ ከመሐል ሜዳም ትበልጣለች። በ2020 ሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል ውስጥ አልጋ አጥተው ነበር። ከፍታ ቢከላከል ኖሮ እነሱን ባልነካ።

ብርዱስ? ብርዱ ጠብቆናል ሳይሆን አጋልጦናል ነው የምለው። ይህን የምለው ዋርድ ውስጥ የሠራሁ ሰው ሆኜ ነው። ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። የታመመው ሰው ሲያወራ፣ ሲያስል፣ ዝም ብሎ ሲተነፍስም ጭምር የሚወጣው ጥቃቅን ጠብታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን ይህን በግልጽ ለመናገር ዘግይቶ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መስኮት መክፈት፣ አየሩ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ማድረግ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ ይህን ይሞክሩት እስቲ። መስኮቱን ስከፍት አስታማሚዋ ትነሳና ትዘጋዋለች። «ልጄ፣ በብርድ ልትገድይው ነው እንዴ?» ትለኛለች። አልፈርድባትም። በሽተኛው በአንድ ስስ ብርድ ልብስ ነው የተኛው፣ ጋቢውም በርኖሱም ከቤት የመጣ ነው። እሷ ስትተኛ እከፍታለሁ፣ እኔ ስዞር ይዘጋል። እስከ ንጋት እንዲህ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት በሽተኛ፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ አስታማሚ፣ ገብታ የምትወጣ የጽዳት ሠራተኛ፣ መድኃኒት የምትሰጥ ነርስ አሉ። አየሩ ግን አንድ ነው።

መምህር፣ ይህ ነው የደጋው እውነት። ቆላ ወርደው ሸዋ ሮቢት ቢያዩ ሌላ ነው። እዚያ መስኮቱ በሙቀቱ ምክንያት ራሱ ክፍት ነው፣ ችግሩ ማስኩን አድርጎ መዋል ነው፤ ላብ ያርሰዋል፣ ያፍናል፣ ሰው አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። የአንድ ዞን ልጆች ሆነን መከላከያችን እንኳን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ደጋ ላይ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መመደብ የበሽታ መከላከያ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ማሰብ አያቅተንም ነበር። ሳንባ ነቀርሳም እኮ በዚሁ አየር ነው የሚተላለፈው። ኮቪድ ሄደ ብለን መስኮቱን ስንዘጋ እሱ አልሄደም።

«ሰሜን ሸዋ ላይ ብዙ በሽተኛ አልተገኘም» የሚለውንም ቶሎ ልለፈው። ያልተመረመረ አይገኝም። ያኔ ሳል ይዞት ዳማ ከሴና ነጭ ሽንኩርት ወስዶ ቤቱ የተኛውን ሰው ማንም መዝገብ ላይ አላሰፈረውም። አገር ቤት ደግሞ ጉንፋን ነው ተብሎ ያለፈ ሰው ሞልቷል። ቀጥሎ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ግንባሩ ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስና ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ስትሞላ ስለ ኮቪድ ምርመራ የሚያስብ ማን ነበር? በዚያ ጊዜ መጠለያ ውስጥ ሲሠሩ የነበሩት ባልደረቦቼ በምን እንደታመሙ እስከ ዛሬ አያውቁም።

«አያቶቻችን ኅዳርን አጥነው አልፈዋል» ብለዋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም የመጣው ያ በሽታ አዲስ አበባ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። ኅዳር 12 የምናጤሰውም ከዚያ የተረፈ መታሰቢያ ነው። ደስ የሚል ልማድ ነው፣ ቆሻሻ ይጸዳበታል። በጭሱ የዳነ ሰው ግን የለም።

«የማስኩና የጋዋኑ ገንዘብ ባከነ»

ከጽሑፍዎ ሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ፣ ምንም ምልክት ሳይኖራቸው ሥራ ላይ የነበሩ የሆስፒታል ሠራተኞች ደም ተመርምሮ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ተይዞ የተገኘ ማን ይመስልዎታል? በጠና ከታመሙት በሽተኞች አፍና አፍንጫ አጠገብ ሲውሉ የነበሩት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች? አይደለም። እነሱ 14.8 በመቶ ናቸው። የጽዳት ሠራተኞቹ ግን 34.5 በመቶ። ድንገተኛ ሕሙማን የሚገቡበት የውስጥ ደዌ ክፍል 33.3 በመቶ። በጣም አደገኛ ነው የተባለው ክፍል ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። እዚያ የሚሠራው ሰው ጥሩ ማስክ፣ ሙሉ ልብስና የተሻለ የአየር ዝውውር ነበረው። ወለል የምትወለውለዋ ሴት ያ ሁሉ አልነበራትም።

እኔ ከዚህ ወረርሽኝ አንድ ነገር ብቻ ሰው እንዲይዝልኝ ቢባል ይህንን ነው የምመርጠው። የሚያስይዘው ለበሽተኛው መቅረብ ብቻ አይደለም። በምን ተሸፍነህ፣ ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ ቀረብክ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በበጀትና በአሠራር የሚለወጥ ነገር ነው። ያ የላንሴት ጥናትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ መከላከያቸውን ደጋግመው እንዲጠቀሙ የተገደዱት ሠራተኞች አዲስና በቂ ካላቸው ይልቅ 1.46 እጥፍ የመያዝ ዕድል ነበራቸው። እኛ ዘንድ አንድ ማስክ ሰንብቶ እንደሚደረግ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ የማያውቅ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የለም። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ከሚያልፈው ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን የሚያስቀረው ፊት ላይ ግጥም ብሎ ሲቀመጥ ነው። ከታጠበና ላስቲኩ ከረገበ በኋላ በጎን በኩል ነው የምንተነፍሰው።

እስቲ ደግሞ በእኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰው ከበር ጀምሮ ማንን እንደሚያገኝ ይቁጠሩ። ጥበቃውን ያገኛል። ከዚያ ካርድ ክፍል። በዚያች ጠባብ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ስሙን ይናገራል፣ እያሳለ። ከዚያ ወረፋ ላይ ከሌሎች ጋር ይቀመጣል። ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ። ማስክ ሲታደል ግን ከማን ነበር የሚጀመረው? ከሐኪሙ። ነርሶችና አዋላጆች ቀጥለው፣ ላቦራቶሪ ቀጥሎ። ካርድ ክፍልና ጽዳት ጋ ሲደርስ ካርቶኑ ባዶ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ደግሞ ከነጭርሱ አልተጠሩም፣ ቀበሌ ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ርቀት መጠበቅ ሲያስተምሩ የራሳቸው አፍ በነጠላ ነበር የተሸፈነው። ባከነ የሚሉት ገንዘብ እነሱ ጋ ቢደርስ ኖሮ ነበር ቁጥር የሚለውጠው።

ፍትሐዊ ልሁን። የባከነ ገንዘብ አልነበረም አልልም። መንገድ ላይ ክሎሪን ሲረጭ፣ ሰው ላይ ሳይቀር ሲነፋ አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2020 መንገድ መርጨት እንደማይጠቅም፣ ሰው ላይ መርጨት ደግሞ እንደሚጎዳ ተናግሯል። መምህር ስለ ብክነት መጻፍ ከፈለጉ ስለዚያ ይጻፉ፣ እኔም አብሬዎት እፈርማለሁ።

«ሙያውን ፈልገው ነው የገቡበት»

ነርስ የሆንኩት ፈልጌ ነው። አልጸጸትም። ግን ስገባ የተስማማሁት በሽተኛ ልረዳ ነው፤ ያለ ጓንት ልሠራ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በሰኔ 2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል። ግንበኛ ፎቅ ላይ መሥራትን መርጧል ብለን መወጣጫውን አንነቅልበትም።

የጽዳት ሠራተኛዋስ የቱን ሙያ መረጠች? የካርድ ክፍሉ ልጅስ? በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ሥራ አገኘ፣ ገባ። ወረርሽኝ እመርጣለሁ ብሎ የፈረመ የለም።

ደግሞም ይህ የእኛ የግል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። የኢቦላን ነገር ይመልከቱ። በምዕራብ አፍሪካ ወረርሽኝ ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ ወደ 8 በመቶ፣ ሴራሊዮን ወደ 7 በመቶ አጡ። ከዚያ በኋላ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች አስሉት፤ የሞቱት ባለመተካታቸው ብቻ ጊኒን ጨምሮ በሦስቱ አገሮች በየዓመቱ 4,022 ተጨማሪ እናቶች በወሊድ ሊሞቱ ይችላሉ አሉ። እነዚህ እናቶች ኢቦላ የያዛቸው አይደሉም። የምታዋልዳቸው ሴት ናት የሞተችባቸው።

ይህን ወደ እኛ ያምጡት። ገጠር ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ታማ ለሁለት ሳምንት ቤቷ ስትተኛ ተተኪዋ ማን ናት? ቀጣዩ ጤና ጣቢያ በእግር ስንት ሰዓት ነው? ግሼንና ሞጃን፣ የጀማ ወንዝን ገደል ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት በሩ ዝግ ከሆነ የአዋላጇ ማስክ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

ኮቪድ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ ከያዛቸው 8,096 ሰዎች ውስጥ ከአምስት አንዱ የጤና ሠራተኛ ነበር። በ2024 መጨረሻ ሩዋንዳ ላይ ማርበርግ ሲገባ 66 ሰዎች ተይዘዋል፣ ከእነሱም 80 በመቶ ያህሉ የጤና ሠራተኞች ናቸው። 15 ሰዎች ሞተዋል። ሩዋንዳ ከእኛ ሩቅ አይደለችም።

መምህር፣ ሌላው ላይ ብንከራከር ችግር የለብኝም። ለቅሶ ቤቱ ላይ፣ ከፍታው ላይ ሌላ ማስረጃ ካለዎት ያምጡ፣ አነባለሁ። ስለ ማስኩና ስለ ጋዋኑ ገንዘብ የጻፉትን አንቀጽ ግን ያርሙልኝ። ተማሪዎችዎ ያነቡታል፣ ከእነሱ ውስጥ ነገ በየጤና ጣቢያው የሚመደቡ አሉ። ከማረምዎ በፊት ደግሞ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ጽዳት ላይ ያሉትን እናቶች በኮቪድ ጊዜ ምን ተሰጥቷቸው እንደነበር ይጠይቋቸው። የሚነግሩዎትን እንዳለ ይጻፉት፣ እኔም አጋራዋለሁ።